የእናቴ ጉርሻ

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው ስዕለት ስላለብኝ ነው። «እግሬን መልስልኝ፣ ከእናቴም አስታርቀኝ፤ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ ሜሪላንድ ውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና አደረግኩ። ባይፓስ የሚሉትን። ጨጓራዬ እንቁላል የምታህል ሆነች። ስኳሬ ወረደልኝ፣ ጉልበቴም ተሻለው። ለእናቴ ግን «የሐሞት ጠጠር ነው» ብዬ ዋሸኋት። ሐሜት ፈርቼ።

በገና ዶሮ ወጧን በትልቁ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጉርሻው ደረቴ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ስታመጣ እጇን ገፋሁት።

«እጄ ሸተተሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ገበታ ላይ አልቀረብንም። ከሥራ ስገባ እሷ በልታ ተኝታለች፤ የእኔ ድርሻ ተከድኖ ይጠብቀኛል። በአንድ ቤት፣ አምስት ዓመት። ጉርሻ መመለስ እናትን ምን እንደሚያደርጋት ታውቁታላችሁ።

በዚህ መሃል ቫይታሚኔን ተውኩት። ዕድሜ ልክ ይወሰዳል ተብዬ ነበር፤ ደህና ነኝ ብዬ ተውኩት። ጾሙንም አንድ ሳላጓድል እጾማለሁ። ነርቭን የሚጠብቀው ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ ነው። ባይፓስ የተደረገ ሰው ደግሞ የበላውንም ቢሆን ሰውነቱ በቅጡ አይወስደውም። ጉበት ያጠራቀመው ለዓመታት ስለሚያቆይ ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም። እግሬ ሲደነዝዝ የሥራ ድካም ነው እያልኩ አለፍኩት።

በ2022 በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እናቴ ከኋላዬ ናት። «እግርሽ!» አለች። ምንጣፉ ላይ ደም ነበር። የሆነ ነገር ቆርጦኝ ምንም አልተሰማኝም። ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ሐኪም ቤት አብራኝ ገባች። ሐኪሙ የሚለውን የማስተረጉምላት እኔው ነኝ። እውነቱን ከአፌ የሰማችው እዚያ ነው። ቃል አልወጣትም። ማታ ግን በክርስትና ስሜ እየጠራች ስትጸልይልኝ በግድግዳው ሰማኋት። የተሳልኩት ያን ሌሊት ነው።

የቢ12 መርፌ ተጀመረልኝ። የንስሐ አባቴም «ሐኪሙ ያዘዘልሽን ብዪ፣ ልጄ» አሉኝ። ወራት ፈጀ፤ መጀመሪያ የነቃው አውራ ጣቴ ነው። እናቴ አሁን በየጠዋቱ ክኒኔን ከውሃ ጋር ይዛ ትቆማለች፤ ሳልውጥ ንቅንቅ አትልም።

በ2023 ፋሲካ ሌሊት ባዶ እግሬን ደጁን ስረግጥ የድንጋዩ ቅዝቃዜ ዘለቀኝ። አለቀስኩ። ቤት ገብተን ልንገድፍ ስንቀመጥ እናቴ ጥፍር የምታህል ጉርሻ ጠቀለለች።

«ይቺስ ትበዛለች?» አለችኝ።

ጎረስኩላት።