ኮሽ የማይል ጃኬት

ኅዳር 21 ቀን 2018፣ እሑድ ማታ

ባለቤቴ በረንዳው ላይ የሰቀልኩትን በርኖስ እያየች «ይኼ ነገር እስከ መቼ ነው እዚያ የሚንጠለጠለው? ጎረቤት ሰው መስሎት ፖሊስ እንዳይጠራብን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ማታ በመስተዋቱ ሲያዩት ሰው ቆሞ ይመስላል። ግን ሽታው ገና አልለቀቀም። በርኖሱን ያመጣው የጃኬት ፍለጋዬ ነው፤ የጃኬት ፍለጋውን ያመጣችው ደግሞ ያለፈው ዓመት አንዲት አጋዘን ናት።

አጋዘን ስል እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሞላውን፣ ሲደነግጥ ነጭ ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚሮጠውን ማለቴ ነው። በአገራችን አጋዘን የሚባለው ቀንዱ የተጠማዘዘው ሌላ አውሬ መሆኑ አይጠፋኝም። እዚህ ያለን አበሾች ግን እንዲህ ነው የምንጠራው፤ እኔም ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

የዚያን ቀን ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ነበር። ዛፍ ላይ በታሰረ ወንበር፣ ከመሬት አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብዬ፣ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከአንድ ሽኮኮ በቀር የመጣ የለም። ከዚያ እንስቷ ከቁጥቋጦው ብቅ አለች፤ በረዶውን በአፍንጫዋ እየገፋች የወደቀ የኦክ ፍሬ ትለቅማለች። አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ናት። በቀስት ለሚያድን ሰው ከዚህ የተሻለ ርቀት አይገኝም። ግንድ ራሷን ሲጋርዳት ጠብቄ፣ ደጋኑን ላነሳ ግራ እጄን ከጉልበቴ አነሳሁ። እጅጌዬ ከጎኔ ጋር ተፋተገና «ሿጭ» አለ።

ያቺው አንዲት ሿጭ በቃች። መጀመሪያ ጆሮዋ ዞረ፣ ቀጥሎ ራሷ። የፊት እግሯን አንስታ መሬቱን ሁለቴ መታች፤ በአፍንጫዋ እፍ አለችብኝ፤ ጭራዋን እንደ ነጠላ ጫፍ እያውለበለበች ጫካው ዋጣት። እኔ ደጋኑን ግማሽ መንገድ አንስቼ ደርቄ ቀረሁ።

ጃኬቱን የገዛሁት 260 ዶላር ሰጥቼ ነው። ስሙን አልጠራም። ወረቀቱ ላይ «ለአዳኞች፣ ድምፅ አልባ» ይላል። ሱቁ ውስጥ ስለካው ደግሞ እውነትም ድምፅ አልነበረውም፤ ሙዚቃ ተለቆ፣ ልጆች እየተሯሯጡ፣ የሂሳብ መክፈያው እየጮኸ ምን ይሰማል? ሃያ ዲግሪ በሞቀ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ናይለን ልስልስ ነው። ውጭ ሲወጣ ነው ጉዱ። ውኃና ንፋስ እንዳያስገባ ከውስጥ የሚለጠፍበት ስስ ሽፋን ብርድ ሲመታው ይደርቃል፤ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። አደኑን ያስለመደኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ የሚታደንበት መሬትም የአባቱ ነው፣ ማታ መኪና ውስጥ ሆኖ እየሳቀ «እኔኮ ከሦስት መቶ ሜትር ነው የሰማሁህ፤ የድንች ቺፕስ ከረጢት ነው የለበስከው» አለኝ። ሦስት መቶው ማጋነን ነው። አጋዘን ግን እኛ ከምንሰማው በላይ የቀጠነ ድምፅ ይሰማል፣ ጆሮውንም እንደ ሳህን ወደፈለገበት ያዞራል፤ የናይለን ፍትጊያ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ነው።

ስመለስ ስለ ማማ ሳስብ ነበር። መንዝ ልጅ ሆኜ የአባቴን ገብስ ከጭላዳ እጠብቅ ነበር። እዚያ ማማ ላይ የሚወጣው ሊጮኽ ነው፤ ጅራፍ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ይወነጨፋል፣ ሰው ከሰው በጩኸት ይወራወራል። ዝም ያለ ጠባቂ ገብሱን ያስበላል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንደገና ማማ ላይ ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ ዝም ለማለት ገንዘብ እከፍላለሁ።

ዘንድሮ ወቅቱ ሳይከፈት፣ የቀስት አደን እዚህ መስከረም ውስጥ ተከፍቶ እስከ ፈረንጆች ዓመት ማለቂያ ይቆያል፣ ነገሩን በጆሮ ለመጨረስ ወሰንኩ። ግን መስከረም ላይ ብርድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ታገስኩ። አራት ጃኬት ሰበሰብኩ፦ የራሴን ቺፕስ፣ ከባልደረባዬ የተዋስኩትን ፍሊስ የሚባል ወፍራም ጠጉራም ጃኬት፣ ሱቅ መመለስ እንዲቻል ደረሰኙን ይዤ የገዛሁትን አዲስ፣ እና አሮጌ ልብስ ከሚሸጥበት ቤት በ22 ዶላር ያገኘሁትን የሱፍ ኮት። ሌሊቱን በረንዳ ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት ቀዝቅዘው ሲገቡ ባለቤቴን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጥቼ፣ ዓይኗን ጨፍና ጀርባዋን እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«ምን ልስማ?»

«እጄን ሳነሳ ከሰማሽኝ ሰማሁህ በይ።»

«እሺ፣ ቡናዬ ግን እንዳይበርድ።»

የራሴን ለብሼ ክንዴን ከፍ ሳላደርግ «ሰማሁህ» አለች። «ገና እኮ አልጀመርኩም!» «ተነፈስክ፣ እሱን ሰማሁት።» አዲሱን ለበስኩ። እጅጌው እውነትም ደህና ነበር፤ ኪሱ ግን ቬልክሮ በሚባለው ተጣባቂ ነገር የሚዘጋ ነው። ቬልክሮ አዳኝ ልብስ ላይ የሚሰፋ ሰው አንድ ቀን ዛፍ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሲላቀቅ ቤቱ ውስጥ ጨርቅ የተቀደደ ነው የሚመስለው። የዚፑ መጎተቻም ብረት ነው፣ ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። እሱን እንኳ ቆርጬ ክር ላስርበት እችል ነበር። ፍሊሱን ስለብስ ዝም አለች። ደግሜ አነሳሁ፤ ደጋን እንደሚስብ ሰው ቀኝ ክርኔን ወደ ኋላ ወሰድኩ። ዝም። ሱፉንም ለበስኩ። ዝም። ትንሽ ቆይታ «ሄድክ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ቤት ስገባ ጨርቁን በጥፍሬ ቧጨር አድርጌ ጆሮዬ ላይ ነው የምይዘው። ሻጮቹ እንደ እብድ ያዩኛል።

ጸጥታው እንዲህ ተገኘ፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፍሊስም ሱፍም ድምፅ የማያወጡት ላያቸው ጠጉራም፣ ልልና ልስልስ ስለሆነ ነው፤ በዚያው ልል በሆነው በኩል ደግሞ ንፋስ ሰተት ብሎ ይገባል። መጀመሪያ ቀን በፍሊሱ ብቻ ወጥቼ አንድ ሰዓት አልቆየሁም፤ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እሱም ድምፅ ነው! ብርድ ደግሞ ምቾት መንሳት ብቻ አይደለም። የእኔ ደጋን ስድሳ ፓውንድ ነው፣ ወደ 27 ኪሎ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት የደነዘዘ ትከሻ ያንን በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይንፈራገጥ አይስብም። ባልደረባዬ አንዴ ስቦ ግማሽ ላይ እንደቀረበት፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ቀስቱ ከማረፊያው ወድቆ ብረቱ ላይ ቂ...ል ሲል አጋዘኑ ቆሞ እንዳየው ነግሮኛል።

መፍትሔው ጩኸታሙን ከውስጥ መልበስ ሆነ። የዳክዬ ላባ የተሞላው ስስ ጃኬት ከሁሉም ይሞቃል፣ ግን ላዩ ናይለን ነው፣ ያፏጫል። ከላዩ ሱፍ ሲደረብበት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። አሁን ከሥጋዬ ቀጥሎ ስስ የሜሪኖ ሱፍ ካናቴራ፣ ከዚያ ላባው፣ ከዚያ ንፋስ የሚከለክል ክንድ የሌለው ሰደርያ፣ ከሁሉም ላይ ያ የ22 ዶላር ኮት ነው። ጥጥ የሚባል ነገር አይነካኝም፤ ጥጥ ላብ ይዞ እዚያው ይቀዘቅዛል፣ ሱፍ ግን ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ጠጥቶም እርጥብ አይመስልም።

ይህን ሁሉ ለብሶ ግን በበረዶ ላይ መንገድ አይጀመርም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ከመኪናው ጀምሮ ሙሽራ መስዬ እሄድ ነበር፤ ዛፉ ሥር ስደርስ በላብ ተነክሬ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላቡ በረዶ ሆኖ ጀርባዬ ላይ። አሁን በካናቴራና በሰደርያ ብቻ፣ እየበረደኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ኮቱና ላባው ቦርሳዬ ላይ ታስረው ይከተሉኛል። ከሥር ቆሜ ላቤ እስኪመለስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እለብሳለሁ። ከዛፉ እንዳልወድቅ የሚይዘኝን መታጠቂያ ከኮቱ በታች ስለማደርገው ከማጅራቴ በኩል ለገመዱ መውጫ ቀዳዳ ሰፊ ቤት ሄጄ አስከፍቻለሁ። ሰፊው አበሻ ነው፤ «ጋሼ፣ ጥሩ ኮት ለምን ትቀድደዋለህ?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ግራ እጅጌውንም አጠበበልኝ። እሱ ግድ ነው፤ ደጋን የሚይዘው ክንድ ላይ የተንቦረቀቀ ጨርቅ ካለ ገመዱ ሲለቀቅ ይመታዋል፣ ቀስቱም ያሰብከው ቦታ አይሄድም። ከላዩ የቆዳ ክንድ መጠበቂያ አስራለሁ።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ስጨርስ ብርቱካኑ ነገር ሊያበላሽብኝ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ የጠመንጃ አጋዘን አደን ክፍት በሆነበት አካባቢ ደጋን የያዘም ሰው ከወገቡ በላይና ቆቡ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን አለበት። ተገቢ ሕግ ነው፤ አጋዘን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ ብዙም አይለየውም፣ ጠመንጃ የያዘው ሰው ግን ይለየዋል። ችግሩ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የሰባት ዶላሩ ሰደርያ ፕላስቲክ መሆኑ ነው። ሱፉን ሁሉ አልፎ፣ ከሁሉም ላይ ቺፕስ! የፍሊስ ብርቱካናማ ፈልጌ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

አባቴ በስልክ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «ስንት አወጣህበት?» አሉ። ቀንሼ ነገርኳቸው። አሁንም ዝም አሉ። «የእኔን በርኖስ ረሳኸው? ሌሊት በውርጭ በጎቹን ሳይ ጅብ እንኳ ሳይሰማኝ ነው አጠገቡ የምደርሰው። ለመንገደኛ ልስጥልህ?» አባዬ የሚለብሱት የመንዝ በግ ጠጉር፣ እዚያው ተፈትሎ እዚያው የተሸመነ ነው። አይ አባዬ፣ አይሆንም አልኩ። እሳቸው ግን ላኩት፤ ጥቅምት መጨረሻ አንዲት ዘመዳችን ሻንጣዋን ግማሽ አስይዛ አመጣችው።

እጅጌ ስለሌለው በላዩ ደጋን አይሳብበትም፤ ግን ተቀምጦ ለመጠበቅ፣ እግርና ወገብ ለመጠቅለል የሚያህለው የለም። ኮሽታው ዜሮ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሻንጣው ሲከፈት ቤቱ በአንድ ጊዜ የእናቴ ምድጃ ሆነ፤ ጭስ፣ በግ፣ ቅቤ። ባለቤቴ ፊቷን ቀብራበት ቆየች። አጋዘን ደግሞ በአፍንጫው ነው ከሁሉ በላይ የሚያውቀው። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ንፋስ እየበላ ተሰቅሏል። በሳሙና ልጠበው ብዬ ነበር፤ ብዙዎቹ የልብስ ሳሙናዎች ጨርቁን ነጭ አድርጎ የሚያበራ ነገር አለባቸው፣ እሱ ደግሞ ለአጋዘን ዓይን ይደምቃል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ያላጠብኩት በዚያ ምክንያት አይደለም።

ትናንት በሱፍ ኮቱ ወጣሁ። ከዜሮ በታች 11። ረፋዱ ላይ ሁለት እንስቶች በስተግራዬ አለፉ። ርቀታቸው ሠላሳ አምስት ሜትር ይሆናል፣ በዚህ ብርድ ለእኔ እጅ ሩቅ ነው፤ ላልወረውር ወስኜ ነበር። ግን ማወቅ ፈለግሁ። ደጋኑን አነሳሁ፣ ገመዱን እስከ ጉንጬ ሳብኩ፣ አሥር ያህል ቆጠርኩ፣ ቀስ ብዬ መለስኩት። ይኼ መመለሱ ከመሳቡ ይከብዳል። ኋላ የቀረችው ቅርፊት እየላጠች ማኘኳን አላቋረጠችም። አንድም ጆሮ አልዞረም።

ብመታም ኖሮ ሥጋው እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት ሆነው። ባለቤቴ ከአምናው ከባልደረባዬ ድርሻም አልቀመሰችም። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ከሚበሉት መሆናቸውን አንብቤላታለሁ። «መበላቱንስ ይበላ፤ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ ግን ቤቴ ድስት ውስጥ አይገባም» ትላለች። ለዚህ መልስ የለኝም፤ የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ እያልኩ ዓመት አለፈኝ።

አሁን ይህን ከመጻፌ በፊት በርኖሱን ላሸተው ወጣሁ። ጭሱ አለ፤ ቀነስ ብሏል። ብርዱ ስለጠናብኝ አውርጄ ደረብኩት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሸፈነኝ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ከሥሩ ግራ እጄን ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳሁ፣ ቀኝ ክርኔን ወደ ኋላ ሳብኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ከውስጥ፣ ሳታየኝ፣ «አልሰማሁህም» አለች።