ግቢውም በውሉ ይጻፍ

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርዱት ቅያሶች ውስጥ፣ ከዋናው ቪላ ጀርባ ወይም ጎን የተሠሩ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ጠበብ ያለ ሳሎንና በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር ያላቸው ቤቶች ዛሬም ይገኛሉ። እኔ የምኖረው ከእነዚህ በአንዱ ነው። ተከራዩ ከኮንዶሚኒየም ይልቅ እንዲህ ያለውን ቤት የሚመርጠው ለጓሮው ሲል ቢሆንም፣ የሚፈርምበት ውል ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ክፍሎቹ እንጂ ስለ ጓሮው አንዲት ቃል አይናገርም። የግቢ ጠብ አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

ሰፈሩ ከጥንትም የልዩ ልዩ ሰው መኖሪያ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ በኋላ «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ሙዚቀኞችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለከተማዋ ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው፤ የአርመን ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ እዚሁ አካባቢ አለ። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትና ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሩቅ ስላልሆኑ፣ ሠዓሊውም መሲንቆ ተማሪውም ክፍል የሚፈልገው በዚሁ ዙሪያ ነው። የእኛ ግቢ ሠዓሊ ቀለም የነካውን ሸራ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር አጥሩን አስደግፎ ያደርቃል፤ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ነፋስ ወስዶ እርጥብ ቀለም ላይ ሲያሳርፈው ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ቤቱን የሚመለከት ሰው ቢችል በክረምት፣ ይልቁንም በነሐሴ ይመልከተው። አብዛኞቹ የጓሮ ቤቶች የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የተለሰነባቸው ስለሆኑ፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ከውስጥ በኩል እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ቆይቶም ይላልጠዋል። ስለዚህ ዓይንን ወደ ኮርኒሱ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ግርጌ መላክ፣ ቁም ሳጥን ካለም ከፍቶ ማሽተት፣ የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን የት እንደሚያፈስ መከተል ይገባል። የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ከተገኘ ዝናቡ ወዴት እንደሚያዘነብል የታወቀ ነው። በክረምት መካከል ግርጌው ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት እኔ በበኩሌ አላምነውም። የመብራት ቆጣሪው ለብቻ ይሁን የጋራ፣ ውኃ በፈረቃ ሲጠፋ ከሮቶው መቅዳት ይፈቀድ እንደሆነም ያኔውኑ ይጠየቅ።

ሌላው ጉዳይ ባለቤትነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በአንድ አጥር ውስጥ የግል ቤትና የቀበሌ ቤት ጎን ለጎን የሚገኝበት ግቢ ብዙ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ መልሶ ማከራየት ስለማይፈቀድለት፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ባለይዞታ መሆኑን ካርታውን አይቶ ማረጋገጥ ነውር የለበትም፤ ደላላው ቢቆጣም ይቆጣ።

የጓሮውን ነገር ያነሣሁት ከአከራዬ ጋር ውሉን ስናረቅ ነበር። እማማ ነገሩ ቢያስገርማቸውም፣ «ልጄ፣ ጌሾዬን ብቻ እንዳትነኪብኝ እንጂ ሌላውን እንደ ቤትሽ አድርጊው» አሉኝ። ቃላቸውን አላጠፉም፤ ነገር ግን «ሌላው» የሚለው ቃል ሎሚዋንም፣ የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱበትንም ጥግ፣ የበርበሬ ማስጫውንም ያጠቃልል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀው ዘንድ ከአጥሩ እስከ ሎሚዋ ያለው የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የጋራ ብለን ጻፍነው። ጤና አዳምና በሶብላ የተከልኩት በእኔ ድርሻ ላይ ነው። የጋራውን ማን እንደሚጠርግ፣ ማስጫው ሽቦ በየትኞቹ ቀናት የማን እንደሆነ፣ እንግዳ መጥቶ ጓሮ ውስጥ ቡና ቢፈላ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይም ገባበት።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። የስድስት ወር ካልከፈልሽ ብሎ የሚከራከር አከራይ አሁንም ያጋጥማል፤ አዋጁን ጠቅሶ በትሕትና መመለስ ግን ከእሰጥ አገባ ይሻላል።

በ2016 ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንችስ ለልማት ከፈረሱ በኋላ፣ በመሀል ከተማ ቤት የሚከራይ ሰው ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ወረዳ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ አይጸጸትም። ካሳና ምትክ ቦታ የሚመለከተው ባለይዞታውን እንጂ ከእርሱ የተከራየውን ባለመሆኑ፣ ግቢው ቢፈርስ ያልተኖረበት ቅድሚያ ክፍያ ለተከራዩ እንዲመለስ የሚል አንድ አንቀጽ እኛም በውላችን መጨረሻ ላይ አክለናል።