ኦፍሴቱ 32 ቢት ይሁን 64? የሁለት መቅጃዎች ማስታወሻ

ሰሞኑን አራት ኪሎ በምትገኘው ክፍሌ ሁለት መሣሪያዎችን ጎን ለጎን ስሠራ ቆይቻለሁ። አንዱ ሊኑክስ የተጫነበት ባለ 32 ቢት አርም ሰሌዳ ላይ ያረፈ የድምፅ መቅጃ ሲሆን፣ ሌላው በኮርቴክስ ኤም ዜሮ ማይክሮኮንትሮለር (አነስተኛ መሣሪያዎችን በሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ) የሚሠራ የሙቀት መመዝገቢያ ነው። ሁለቱንም በሲ ቋንቋ ጽፌያቸዋለሁ፤ የፋይል ኦፍሴታቸው (በፋይሉ ውስጥ ያለን ቦታ በባይት የሚያመለክተው ቁጥር) ስፋት ግን አንድ ዓይነት መሆን እንደማይገባው የገባኝ አንድ ሌሊት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅሌቱን ለመቅዳት ተፈቅዶልኝ መቅጃውን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አስጀመርኩት። ሲነጋ አረንጓዴዋ መብራት እንደ ወትሮዋ ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ ቀረጻው ግን 9 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ ተቋርጧል። የፋይሉን መጠን ስመለከት ልክ 2,147,483,647 ባይት ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም ምልክት ያለው ባለ 32 ቢት ቁጥር ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ዋጋ ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በሁለት ቻናል ሲቀዳ በየሰከንዱ 176,400 ባይት ስለሚጻፍ፣ ጣሪያው የሚነካው ከ3 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በኋላ ነው። ሲስተሙ ፋይሉ ከልክ በላይ መተለቁን የሚገልጽ የስህተት ኮድ መልሶልኝ ነበር፤ የጽሑፍ ፈንክሽኑ የሚመልሰውን ዋጋ ሳልፈትሽ ማለፌ የራሴው ጥፋት ነው።

መነሻው ፕሮግራሙ ፋይል ለመክፈትና ለመጻፍ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ ነው። ጂሊብሲ የተባለው ላይብረሪ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ «ፋይል ኦፍሴት ቢትስ» የተባለው ማክሮ (ኮዱ ሲጠናቀር፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ የሚነበብ ቅንብር) 64 ተብሎ ካልተሰጠው በቀር የኦፍሴቱን ዓይነት 32 ቢት ያደርገዋል። መስል የተባለው ላይብረሪ በአንጻሩ ሁልጊዜም 64 ቢት ይጠቀማል፤ ያው ኮድ በመስል ቢጠናቀር ኖሮ እዚያ ላይ ባልቆመ ነበር።

ማክሮውን ስጨምር ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ፦ የጨመርኩት በዋናው ፋይል ብቻ ነበር። ከዚህ በፊት አጠናቅሬ ያስቀመጥኳት፣ የፋይል መለያና ኦፍሴት ተቀብላ ወደ ተፈለገው ቦታ የምትመልሰኝ ትንሽ ላይብረሪ ግን 32 ቢት እንደያዘች ቀርታለች። አንድ ፈንክሽን ሌላውን ሲጠራ ዋጋዎች በሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ የቁጥር ማስቀመጫዎች) ይተላለፋሉ፤ በአርም የጥሪ ደንብ 64 ቢት ዋጋ ከጥንድ ቁጥር በሚጀምር የሬጅስተር ጥንድ ስለሚተላለፍ፣ ጠሪው መለያውን በሬጅስተር 0 አድርጎ፣ 1ን ዘሎ፣ ኦፍሴቱን በ2 እና 3 ያስቀምጣል፤ ተጠሪዋ ግን ኦፍሴቷን ከሬጅስተር 1 ታነባለች፤ እዚያ ያለው ደግሞ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁጥር ነው። የተጠናቀሩትን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከርም አንዲት ማስጠንቀቂያ እንኳ አልሰጠም። የድምፅ ፋይሉን ርዝመት በራስጌው (በፋይሉ መጀመሪያ ባለው የመረጃ ክፍል) ለመጻፍ ወደ ባይት 4 ልመለስ ስል ጽሑፉ ሌላ ቦታ አረፈ፤ ማጫወቻውም የፋይሉ ርዝመት ዜሮ ሰከንድ ነው አለኝ። ስለዚህ ማክሮውን ከኮዱ አውጥቼ ሁሉንም በሚያጠናቅረው ትእዛዝ ውስጥ አስገባሁት፤ ያሉኝን ላይብረሪዎችም አንድ ሳላስቀር እንደገና አጠናቀርኩ።

ቀረጻውን በየሰዓቱ ወደተለያየ ፋይል መክፈል አይቀልም ወይ የሚል ካለ፣ ይቀላል። ፋት 32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት በተሰናዳ የማስታወሻ ካርድ ላይ አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት ስለማያልፍ ለረጅም ቀረጻ መክፈሉ አይቀሬ ነው፤ አሁን ሁለቱንም አድርጌአለሁ።

በሙቀት መመዝገቢያው ላይ ግን ኒውሊብ የተባለው የትንንሽ መሣሪያዎች የሲ ላይብረሪ የሚሰጠኝን 32 ቢት ሳልነካ ትቼዋለሁ። በየደቂቃው 32 ባይት ስለሚጽፍ በቀን 46,080 ባይት ይሆናል፤ በዚህ አካሄድ ጣሪያውን ለመንካት 127 ዓመት ያስፈልገዋል። ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ስለሆነ እያንዳንዱ የ64 ቢት ድምር ሁለት ትእዛዝ ይወስዳል፣ ማካፈል ሲመጣም ተጨማሪ የላይብረሪ ኮድ ፕሮግራሙ ወደሚቀመጥበት ፍላሽ ማኅደር ይገባል። ለሙከራ 64 ቢት አድርጌው ኦፍሴቱን ላትም ስል፣ ኒውሊብ ናኖ የተባለው የላይብረሪው አነስተኛ ቅጂ የማተሚያ ፈንክሽን ያን ያህል ሰፊ ቁጥር ስለማያውቅ፣ በቁጥሩ ፋንታ «ኤል ዲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ስክሪኑ ላይ ወጡ።