«ስቴይን አላይቭ»፦ ከተቀጠለ ቴፕ እስከ ደረት መጫን

የቢ ጂስ ባንድ ዘፈን «ስቴይን አላይቭ» እ.ኤ.አ. በ1977 ፈረንሳይ ሲቀረጽ ከበሮ መቺው ዴኒስ ብራየን የቤተሰብ ሐዘን ደርሶበት ሄዶ ነበር። የከበሮ ማሽኑ አላረካቸውም። ብራየን «ናይት ፊቨር» በተባለው ሌላ ዘፈናቸው ላይ ከመታው ሁለት ባር (አጭር የምት ክፍል) ቀድተው የቴፑን ጫፍና ጫፍ ቀጠሉት፣ በማይክ ማቆሚያ ላይ አዙረው ደጋገሙት። ያው ምት በኋላ በዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ «ውማን ኢን ላቭ» ላይም ገባ። ከበሮ መቺ ተብሎ የተመዘገበው «በርናርድ ሉፕ» ደግሞ የሌለ ሰው ነው፤ «ሉፕ» በእንግሊዝኛ እየዞረ የሚደጋገም ቴፕ ስለሚባል ቀልዳቸው ነው።

ፍጥነቱ በደቂቃ 103 ምት ገደማ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ስለሆነ የመጀመሪያ ዕርዳታ አሠልጣኞች ይወዱታል።

ጅማ ሂርማታ ገበያ መሃል ሰው ቢወድቅ በልማድ የሚቀድመው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ነው። ይህ ግን ልቡ ለቆመ ሰው ጊዜ ማባከን ነው። አዋቂ ሰው ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፣ ሌላው ይጫን። ቤት ከሆነ ከፍራሽ አውርዱት፤ ስፖንጅ ጉልበታችሁን ይበላዋል። መዳፍ ደረት መሃል፣ ክርን ቀጥ፣ ጥልቀት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር፤ ደረቱ በየመሃሉ ሙሉ በሙሉ ይነሣ። ዘፈኑ ፍጥነት ይጠብቃል እንጂ ጥልቀት አይጠብቅም፤ ክንድ ሲዝል ግፊቱ ስለሚሳሳ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ዘፈኑን ለመክፈት ስልክ አትፈልጉ፣ በልብ ማንጎራጎር ይበቃል።