ነዳጅ ሲወደድ መጀመሪያ ማስጠገን የነበረብኝ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዬን ነበር

ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጅማ ውስጥ ያልገባሁበት ቅያስ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከቆጪ እስከ ቂጦ ፉርዲሳ፣ ከመርካቶ እስከ ጂሬን ዳገት ስመላለስ ኖሬያለሁ። ግን እውነቱን ልናገር። ከዘጠኙ ሰባቱን ዓመት ባጃጄ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ አላውቅም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ “ጥሩ ናት፣ ብዙ አትበላም” እል ነበር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሽቦ ከተበጠሰ ራሱ ስንት ዘመኑ! በምን ላውቅ?

ለማወቅ የተገደድኩት በ2017 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ቤንዚን በሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ ተባለ። ይህ እንግዲህ የአዲስ አበባው ነው። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የማጓጓዣው ተጨምሮበት ከዚያ ከፍ ይላል። ሐምሌ 2014 ላይ፣ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ 47 ብር ከ83 ነበር። ያኔም “አለቀልን” ብለን ነበር። አላለቀልንም፣ ገና መጀመሩ ነበር።

ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቦቴው ከጅቡቲ ጭኖ ይመጣል፣ ሂሳቡ በዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እኛ ተራ ላይ ሆነን “የእኛን ባጃጅ ከዶላር ምን አገናኛት” ስንባባል ነበር። መልሱን ማደያ ሄደን አገኘነው።

እኔ በቀን አምስት ሊትር ነበር የምቀዳው። በ2014ቱ ዋጋ 240 ብር ገደማ ነው። በመስከረሙ 455 ሆነ። ልዩነቱ የቤቴ የቀን አስቤዛ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ሂሳብ ጨመርኩ። ታሪፉን የሚያወጣው ክፍል ገና ምንም አላለም፣ እኔ ግን በራሴ ጊዜ አሻሻልኩት። አንድ ጠዋት ከሰጦ ወደ መርካቶ ሁልጊዜ የማመላልሳቸው ጎመን ሻጭ እናት ተሳፈሩ። ስንደርስ የጨመርኩትን ነገርኳቸው። መቀነታቸውን እየፈቱ “ልጄ፣ ነዳጅ ሲጨምርብህ አንተ በእኔ ላይ ትጨምራለህ። እኔ ጎመኔን በማን ላይ ልጨምር?” አሉኝ። ከፍለው ወረዱ። በማግስቱ በእግራቸው ሲሄዱ አየኋቸው፣ እስሩን ጀርባቸው ላይ አዝለው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሳቸው ያሉ አራት አምስት ቋሚ ደንበኞች አጣሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ የሃይላንዱ ቤንዚን ነው። ማደያ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ተራህ ሲደርስ ደግሞ ወይ “አልቋል” ነው፣ ወይ ኔትወርክ የለም። ከ2015 ጀምሮ ማደያ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፣ በስልክ ነው የሚከፈለው። ኔትወርክ ከሌለ ኪስህ በብር ቢሞላም ቤንዚኑን እያየህ ትመለሳለህ። ታዲያ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ኮዳ የሚሸጠውን ገዛሁ። የከፈልኩትን ብናገር የምታውቁኝ ትስቁብኛላችሁ። በሦስተኛው ቀን ባጃጇ ነጭ ጭስ ማንጠስ፣ ዳገት ላይም ማንኳኳት ጀመረች። ቤንዚኑ ላምባ ተቀላቅሎበታል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን) ማሳጠቢያውን ስደምርበት፣ ያቺ ሊትር በዕድሜዬ ከገዛሁት ነዳጅ ሁሉ ውድዋ ናት።

ሦስተኛው፣ ጀሪካን ገዝቼ ቤት ማጠራቀም አሰብኩ። እንዲያውም አንድ ጊዜ አስገብቼው ነበር። አልጋ ሥር። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰል እያቀጣጠለች ሽታው መጣባት። “አንተ ሰውዬ፣ ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ ከነልጆቼ እወጣለሁ” አለች። ትክክል ነበረች። ያንኑ ማታ አወጣሁት።

አራተኛውን መናገር ያሳፍረኛል። ፎሌ። ከጂሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሰው አድርሼ ስመለስ ሞተር አጠፋና ቁልቁለቱን በፎሌ እለቃት ነበር። ነዳጅ መቆጠቤ ነው። ለወራት እንዲህ ስሄድ ኖርኩ። አንድ ቀን ዝናብ አባርቶ መንገዱ ረጥቧል፣ ከኋላ ሁለት ተማሪዎች ተሳፍረዋል። ከታች አንድ ጥጃ ገባብኝ። ፍሬኑ ብቻውን አልያዘልኝም። በፎሌ ስለነበርኩ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ እንዲይዝልኝ ጊዜ አልነበረኝም። ከቦይ ውስጥ ገባን። ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። የፊት መስታወቷ ግን ተሰነጠቀ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ በዚያ ቁልቁለት የማተርፈው አንድ ሲኒ ቡና እንኳ የማያጠጣ ነበር። የመስታወቱን ዋጋ አልነግራችሁም።

ለመስታወቱ ብዬ ነው እንግዲህ መርካቶ ጀርባ ያለው መካኒክ ጋ የሄድኩት። ትልቅ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። “ነዳጅ ፈጀኝ” ብዬ አማረርኩለት። ምንም ሳይመልስ ካንዴላዋን፣ ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለዋን፣ ፈታና መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ጥላሸት ለብሳለች።

“ጤነኛ ካንዴላ መቆላት የጀመረ ቡና ትመስላለች” አለኝ። “ያንተዋ ያረረ ቡና ናት። ቤንዚን በዝቶባት ነው። ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል።”

ከዚያ እጁን ሰዶ ቾኩን ነካ። ቾክ ማለት ጠዋት ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን እንዲበዛላት የምንስባት ናት። ጅማ ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ያለሷ አይነሳም። እኔ እስባታለሁ፣ ሞተሩ ሲሞቅ መልሻት እሄዳለሁ። መመለሴን እንጂ መመለሷን አይቼ አላውቅም። ሽቦው ዝጎ ግማሽ ላይ ተይዟል። ከክረምት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ ቀኑን ሙሉ በግማሽ ቾክ ስነዳ ነበር ማለት ነው። ጋሼ ሳቀብኝ። “አንተ ልጅ፣ መንግሥት ድጎማ ሲያነሳ አንተ ለባጃጅህ ስትደጉም ኖረሃል” አለ።

የቾክ ሽቦ ቀየረ፣ የአየር ፊልትሮውን በንፋስ አራገፈ፣ ካንዴላ ለወጠ፣ ሚኒሞዋን፣ ቆማ ሳለች ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ዝቅ አደረገ። ልወጣ ስል “ስንት ትሄዳለች በሊትር?” ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። “ሳታውቅ በምን ታማርራለህ?” አለና የኪሎ ሜትሩን ሽቦ ራሱ ቀየረልኝ። የዚያን አላስከፈለኝም።

በዚያው ቀን ከሱቅ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛሁ። የምጽፈው ቀላል ነው። ጠዋት ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ፣ ስንት ሊትር ቀዳሁ፣ ማታ ስንት ላይ ቆምኩ። አንድ ነገር ግን ጨመርኩበት፤ ባዶ የሄድኩትንም ጻፍኩ። ሰው አውርጄ ቀጣዩን እስካገኝ ያለውን። ይህን ማንም አልመከረኝም፣ ከየት እንደመጣልኝም አላውቅም። ጥቅሙ ግን ከሁሉም በለጠ።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 112 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ከዚህ ውስጥ 45ቱ ባዶ ነው! ከአጂፕ ወደ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ ወደ መርካቶ፣ እንደገና ወደ አጂፕ፣ ሰው ፍለጋ እየዞርኩ። አጂፕ ደግሞ ራሱ የነዳጅ ኩባንያ ስም ነው፣ ከጣሊያን የመጣ። በነዳጅ ስም በተጠራ ሰፈር ነዳጄን ስደፋ መዋሌ ነው። ዝም ብሎ መቆም ስንፍና ይመስለኝ ነበር። የሚዞር ሰው የሚሠራ ይመስላል፣ ቢያንስ ለራሱ።

መቆም ለመድኩ። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት አንድ ቦታ። መጀመሪያ አካባቢ ቂጤ ተቃጠለ፣ ሌሎቹ እየዞሩ ሰው ሲጭኑ እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። ስልኬን ለደንበኞቼ ሰጠሁ፤ ይደውሉልኛል። ወደ ጎመን ሻጯ እናትም ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅሁና አንድ ነገር አቀረብኩ። እሳቸውና እዚያው ሰፈር ያሉ ሁለት ሴቶች ጠዋት 12 ተኩል ላይ አብረው ይሄዳሉ፣ ሂሳቡን ለሦስት ይካፈላሉ፣ በየሳምንቱ ይከፍሉኛል። ለእያንዳንዳቸው ከድሮው እንኳ ቀነሰላቸው። ለእኔ ደግሞ ባጃጇ ሞልታ ትሄዳለች። እስሩን የት እናድርገው በሚለው ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ ያም ተፈታ።

ወር ሳይሞላ ከ112 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ወረድኩ። በሊትር፣ የድሮውን በአምስቱ ሊትር ስገምተው፣ ከ22 ወደ 27 ወጣሁ። ስለዚህ ከአምስት ሊትር ወደ ሦስት። ገቢዬ በጥቂቱ ቀንሷል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ሁለቱ ሊትር በያኔው ዋጋ በቀን ከ180 ብር በላይ ነበር። ለጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ እቆማለሁ። የጎማው ንፋስ በኪሎ ሜትሩ ላይ ምን ያህል እንዳመጣ ለይቼ አላየሁትም፤ ባጃጇ ግን ዳገት ላይ እንደቀለላት ይሰማኛል።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። በ2017 የገና ሰሞን ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ተነፍቶ ከተማው በሙሉ ማደያ ላይ አደረ። እኔም ቁልፌን አንስቼ ልወጣ ስል ቆም ብዬ አሰላሁ። የባጃጇ ነዳጅ መያዣ 8 ሊትር ነው የሚይዘው። ግማሹ አለ። ሊትሩ 10 ብር ቢጨምር በዚህ ሰልፍ የማተርፈው 40 ብር ነው። ጠቅልዬ ተኛሁ። ጠዋት 101 ብር ከ47 ሆኗል ተባለ፤ 10 ብር ከ33 ጨመረ ማለት ነው። ሌሊቱን ተሰልፈው ያደሩት የተራ ጓደኞቼ ዓይናቸው ቀልቶ እስከ ቀትር ተኙ። የጠዋቱን ሰው እኔ ጫንኩት።

ዘዴው ሁሉ የሚፈታው የእኔን ጎን ነው እንጂ ዋጋውን አይነካውም። ከዚያ በኋላም ጨምሯል። ብዙ ሰው “ኤሌክትሪክ ባጃጅ ግዛ” ይለኛል። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ናት፣ ውሃው ከእኛው ዞን ነው የሚፈሰው፣ ሐሳቡ ይማርካል። ግን መብራት ሲጠፋ የት ልሰካት? ስትበላሽስ የት ልውሰዳት? ጋሼ ራሱ “እሷን ከፈታሁ መልሼ አልገጥማትም” ብሎኛል። እቁቡ እስኪደርሰኝ አስብበታለሁ።

አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ቾኳን ግን ዛሬም እረሳታለሁ። ጠዋት ሦስቱን ሴቶች ጭኜ ትንሽ እንደሄድን ጎመን ሻጯ እናት ከኋላ ትከሻዬን መታ ያደርጉኛል። “ልጄ፣ ያቺን ነገር መልሳት።”