«ተቀበል»፦ ስለ አዲስ አበባ የአዝማሪ ቤት ምሽት

ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አዝማሪ ቤት የገባ ሰው የሚያገኘው ወንበር ብቻ ነው። አሳላፊዎቹ ገና ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፣ ባለ መሰንቆው ጥግ ይዞ ይቃኛል፣ ድምፃዊቷ ምናልባት ገና መንገድ ላይ ናት። ቤቱ የሚሞቀው ከ4 ሰዓት ተኩል ወዲያ ነው። ዓርብና ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ቀድሞ መምጣት ግን ከንቱ ድካም አይደለም፤ ጥሩውን መቀመጫ የሚያገኘው ቀድሞ የመጣ ነው። የመቀመጫ ነገር ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰዓትን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ ከተማ ብዙ ምሽት የሚበላሸው በሰዓት አጻጻፍ ነው። የውጭ አገር የባህል ተቋማትና ትልልቅ ሆቴሎች ማስታወቂያቸው ላይ «8:00» ብለው ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። በእኛው 8 ሰዓት መስሎት የሚመጣ ሰው ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ከሄዱ በኋላ ይደርሳል። የአዝማሪ ቤት ሰው «በ4 ሰዓት ና» ካለ ግን በእኛው 4 ሰዓት ማለቱ ነው፤ እሱም ቢሆን 5 ሊሆን ይችላል።

ከሰዓቱ በላይ የሚወስነው ወቅቱ ነው። ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ሠርግ የለም፣ ብዙ አዝማሪ ቤትም ይቀዘቅዛል ወይም ይዘጋል፤ ከአዝማሪዎቹም አገር ቤት ገብተው የሚከርሙ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ተቃራኒው ይመጣል፦ በሚያዝያና በግንቦት፣ እንደገናም በጥር፣ ሠርግ ሲበዛ ጎበዙ አዝማሪ ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ይጠራል፤ ቤቱ ደግሞ በተተኪ ይሠራል። ስለዚህ በሠርግ ወራት ሐሙስ ማምሸት ከቅዳሜ ይሻላል። ይህን የሚያውቁት የሰፈሩ ደንበኞች ናቸው፤ ሐሙስ ማታ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡትም እነሱ ናቸው።

አድራሻን በተመለከተ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት የተጻፈ ማንኛውም የምሽት መመሪያ ዛሬ አይሠራም። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 በአብዛኛው ፈርሰዋል። የአዝማሪ ቤት ሲባል ብዙ ሰው አፉ ላይ የሚመጣው ካዛንቺስ ነበር፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይመራው የነበረው ፈንድቃ የተባለው አዝማሪ ቤትም የነበረው እዚያው ነው። ዛሬ የሚፈለገው ቤቱ ሳይሆን ሰውየው ነው። የባለ መሰንቆውን ስም የያዘ ሰው የት እንደገባ ጠይቆ ይደርስበታል፤ የቤቱን ስም ብቻ የያዘ ሰው አዲስ አስፋልት ላይ ቆሞ ይቀራል።

እንዲህ ዓይነቱ የምሽት ቤት በከተማው የበዛው ከ1983 በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር፣ ማምሸት ማለት እዚያው ማደር ነበር፤ ሰዓቱ ካለፈ በሩ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፈታል። በዕድሜ የገፉት ደንበኞች ዛሬም 6 ሰዓት ሲቃረብ ሰዓታቸውን የሚያዩት ከዚያ በቀረ ልማድ ይመስለኛል።

አሁን ስለ መቀመጫው። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ መቀመጥ ግጥም የሚያስመልጥ ስህተት ነው፤ ምቱ ይሰማል፣ ቃሉ ግን ይፈጫል። የአዝማሪ ቤት ዋናው ነገር ደግሞ ቃሉ ነው። ጥሩው ቦታ አዝማሪው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞርበት መተላለፊያ ዳር፣ መሐል አካባቢ ነው። መጀመሪያ በግጥም ለመነካት የማይፈልግ ሰው በሩ አጠገብ አይቀመጥ፤ አዝማሪው አዲስ ገቢን ሁሉ በግጥም የሚቀበለው እዚያ ስለሆነ አጠገቡ ያለውም አብሮ ይደረስበታል።

መሰንቆው አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። የአልማዝ ቅርጽ ያለው ሳጥኑ በቆዳ ተለብጧል። ግራ እጁን ልብ ብሎ ላየ ጣቶቹ ጭራውን ወደ እንጨቱ አይጫኑትም፤ በአየር ላይ እንዳለ ነው የሚነኩት። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ በክረምት ማታ መሰንቆው የታፈነ ድምፅ ካወጣ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም፤ ወደ ምድጃው ጠጋ ብሎ ሲያሞቀው ከታየም ቆዳውን እየወጠረ ነው። ከወንዱ ወደ ሴቷ ድምፃዊት ሲዞር እንደገና መቃኘት አለበት፤ ያ ክፍተት መጠጥ ማዘዣ ነው። በመሐል ዘፈን አሳላፊ መጥራት ነውር ባይባልም፣ ጎረቤትን ስንኝ ያስመልጣል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ግጥም መስጠት። ጃዝ ምሽት ላይ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ያስተማረንን ዓይነት ሙዚቃ ለመስማት የተቀመጠ ሰው ሥራው ዝም ማለት ነው። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ግማሹ ሥራ የእሱ ነው። አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ብቻ አያወጣም፤ እንግዳው ይሰጠዋል፣ እሱ ያዜመዋል።

አሰጣጡ ሥርዓት አለው። አዝማሪው ስንኙን ጨርሶ መሰንቆው ብቻውን ሲመለስ ያን ጊዜ ጠብቆ «ተቀበል!» ማለት ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ሳያዜሙ፣ እንደ ንግግር፣ ጥርት አድርጎ መናገር። አዝማሪው ደግሞ እያስረዘመ ያዜመዋል፣ አንዳንዴም ይደግመዋል። እሱ ሲያዜም ሁለተኛው መስመር አፍ ላይ ዝግጁ መሆን አለበት፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ወርውሮ ሁለተኛውን ማሰብ ይጀምራል፣ አዝማሪው ሦስተኛ ጊዜ ይደግማል፣ ቤቱ ይስቃል፣ አዝማሪው በራሱ ስንኝ ይዘጋዋል። የሚዘጋበት ስንኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰጪው ላይ ነው።

ልኩም አለ። አብዛኛው የአዝማሪ ዜማ የሚሸከመው የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ልክ ነው፤ መስመሩ መሐሉ ላይ ይቆረጣል፣ በዚህ 6 በዚያ 6 ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ድምፅ። ሰንጎ መገን የሚባለው ልክ 5 በ5 ነው፤ ልጆች በነሐሴ 13 በየደጁ የሚሉት ቡሄ በሉ 4 በ4። የሚቆጠረው በጽሑፍ ያለው ፊደል ሳይሆን አፍ ላይ ያለው ድምፅ ነው። ለናሙና አንድ ላውጣ፦

ልቤ ቤት አይወድም ሲመሽ ይላል ውጪ፣
ደሞዜን ጨረሰው ይህ የማታ ወጪ።

የመጀመሪያው እኩሌታ በፊደል 9 ነው፣ በአፍ ግን ል-ቤ-ቤት-አይ-ወ-ድም፤ 6። ሳድሱ ከፊቱ ካለው ጋር ስለሚዋጥ ነው። ሰሙ «የማታ ወጪ»፣ የመጠጥና የታክሲ ገንዘብ ነው። ወርቁ ማታ ማታ የሚወጣው ራሱ ነው፤ «ወጪ ወራጅ» ስንል እንደምንለው፣ እዚህ ልቡ መሆኑ ነው። ታላቅ ቅኔ አይደለም፤ ግን ሁለቱን ትርጉም የያዘው ህብረ ቃል የት እንደተቀመጠ ልብ ይሏል፦ መጨረሻ ላይ፣ ቤት መምቻው ላይ። መሐል ላይ ቢገባ አዝማሪው ሲያስረዝመው ይሟሟል፣ ሰውም ሳይሰማው ያልፋል። መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን መሰንቆው ብቻውን በሚመለስባት ቅጽበት ሰው ይገነዘባል፣ ሳቁም በቦታው ይመጣል።

መስመሩ ካጠረ ችግር የለም፤ አዝማሪው «ኧረ»፣ «እኮ»፣ «ወይ» እያለ ይሞላዋል። ከረዘመ ግን መዋጥ አለበት፤ የሚውጠው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ወርቁን የያዘው ይሆናል። ስለዚህ በጥርጣሬ ላይ ያለ ሰው ቢያሳጥር ይሻለዋል። ግጥሙን ስልክ ላይ ጽፎ መጥቶ ማንበብ ይቻላል፣ የሚከለክል የለም፤ ግን ከስክሪን የሚነበብ ግጥም ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይዘገያል።

ለጓደኛ ማስገጠም ለፈለገ ደግሞ በአዝማሪው ጆሮ መንገር ነው፦ የጓደኛውን ስም፣ ሥራውን፣ እና አንድ ለየት ያለ ነገር። ከአንድ በላይ አያስፈልግም፤ «መኪና ገዝቶ መንዳት አይችልም» ብቻውን ለአምስት ስንኝ ይበቃል። የማይነገሩ ነገሮች ግን አሉ፦ ሐዘን፣ ዕዳ፣ የቀድሞ ፍቅረኛ። አዝማሪው የሰማውን ያዜማልና። ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ግጥም የሚሰጥ ሰው ደግሞ አዝማሪውን ነው ችግር ውስጥ የሚከተው፤ ልምድ ያለው አዝማሪ አልሰማሁም ብሎ ያልፈዋል፣ ያ ማለፍ ራሱ መልስ ስለሆነ ሁለተኛ «ተቀበል» ማለት አይገባም።

ስለ ጸጉር፣ ስለ ቦርጭ፣ ስለ ጫማ መነካት ግን የመግቢያ ዋጋ ነው። የተቆጣ ሰው ይደገማል። የሳቀና በሌላ ስንኝ የመለሰ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ይከበራል፤ «ጌታዬ» መባልም ያን ጊዜ ይጀምራል። ሁለት አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ለጆሮ እንግዳ በሆነ አማርኛ ሲነጋገሩ ከተሰሙ ያ የሙያው የውስጥ ቋንቋ ነው፤ የየትኛው ጠረጴዛ እጅ የተፈታ እንደሆነ እየተመካከሩ ሊሆን ይችላል።

አጠራርም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ከ«ዘመረ» ነው፣ ከመዝሙርና ከዘማሪ ጋር አንድ ሥር፤ ነገር ግን በአፍ ሲሽከረከር ኖሮ የንቀት ቃና ለብሷል። ስለ ሙያው ሲወራ ነውር የለውም፤ ሰውየውን ግን «አንተ አዝማሪ» ብሎ መጥራት ያስቀይማል። በስሙ፣ ወይም በዕድሜው ልክ «ጋሼ» ማለት ነው።

ሽልማት። ለብዙዎቹ አዝማሪዎች ዋናው ገቢ ይህ ነው፣ ስለዚህ «ደስ ካለኝ» የሚባል ነገር አይደለም። ብሩ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ለትርኢት ብቻ አይመስለኝም፤ ግራ እጁ መሰንቆው አንገት ላይ፣ ቀኙ ደጋኑ ላይ ስለሆነ የሚቀበልበት እጅ የለውም። ግንባሩ ደግሞ ስለሚያልበው ይይዛል። ዝርዝር ይዞ መምጣት ግድ ነው። በመጀመሪያው ዘፈን ባለ 200 ብር ኖት የለጠፈ ሰው አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቆምበታል፣ ኪሱም ቶሎ ይነጥፋል፤ ያንኑ 200 በአራት ባለ 50 አድርጎ ከየስንኙ በኋላ መስጠት ይበልጥ ያስኬዳል። ከስንኝ በፊት የሚሰጥ ብር ውዳሴ ይገዛል፤ ከስንኝ በኋላ የሚሰጥ ብር ነው ጥሩ ግጥም የሚያወጣ። ቴሌብር ለመጠጥ ሂሳብ ይሆናል፣ ግንባር ላይ ግን አይለጠፍም።

እስክስታውን ባጭሩ፦ ተወዛዋዡ ፊት ለፊት መጥቶ ከቆመ ግብዣ ነው። ትከሻን ወደ ላይ መስቀል በሁለት ደቂቃ ያደክማል፤ ደረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ትከሻው ተከትሎ ነው የሚመጣው። የማይፈልግ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ካለ ይበቃዋል። ጀርባ መስጠት ግን ብልግና ነው።

መጠጡ በብዙ ቤት ቢራ ነው። ጠጅ ያለበት ከተገኘ «ለስላሳ» ወይስ «ደረቅ» ተብሎ ይጠየቃል፤ ደረቁ ጣፋጭነቱ ያለቀና የጠነከረው ነው፣ ለመጀመሪያ ብርሌ አይመከርም። በማር ፋንታ ስኳር የበዛበት ጠጅ ደግሞ ራሱን የሚገልጠው በማግስቱ ነው፣ ራስ ምታት ሆኖ።

መመለሻ ከመግቢያው በፊት ይታሰብ። ሚኒባስ በዚያ ሰዓት ቆሟል ማለት ይቻላል፤ በር ላይ የሚቆመው ኮንትራት ታክሲ ደግሞ ዋጋውን የሚቆርጠው የተሳፋሪውን ፊት አይቶ ነው። በስልክ የሚጠራው ይሻላል፣ ግን ስልኩ ላይ ባትሪ ካለ ነው፤ ሌሊቱን ቪዲዮ ሲቀርጽ ያመሸ ሰው 8 ሰዓት ላይ የሚገባበት ችግር ይህ ነው። መኪናው የሚጠራበት ጊዜ አዝማሪው ለቤቱ ሰዎች ምርቃት ሲጀምር ነው፣ ያ የመዝጊያው ምልክት ስለሆነ። እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ስንኝ ለመስጠት ጊዜ አለ፤ በዚያ ሰዓት ግን ምላስ ስለሚከብድ 5 በ5 ይሁን።