ማይክሮሰከንድ ስቆጥር ዋልሁ
ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ባለችው ክፍሌ አሮጌ ላፕቶፔን «በየ1000 ማይክሮሰከንዱ ቀስቅሰኝ» እያልሁ ስፈትን ዋልሁ፤ ማይክሮሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። መለኪያዬ ሳይክሊክቴስት የተባለ፣ ማሽኑ ከተቀጠረው ሰዓት ምን ያህል እንዳረፈደ የሚቆጥር ፕሮግራም ነው። ተራው የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ ሲበዛበት አንዳንዴ 3000 ማይክሮሰከንድ ያረፍዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከዋናው ሊኑክስ ጋር የተዋሃደውን ፕሪኤምፕት አርቲ (አስቸኳይ ሥራ ሌላውን አቋርጦ በጊዜው እንዲሠራ የሚያደርግ የከርነል አሠራር) ስሞክር ትልቁ መዘግየት ከ80 በታች ወረደ። ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ፣ ቁጥሩ 230 ደርሷል! ለካ ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ጥልቅ እንቅልፍ ይተኛል፤ ሰዓት ቆጣሪው በጊዜው ቢጮህም እርሱ ነቅቶ እስኪሰናዳ ጊዜ ይበላል። ጥልቁን እንቅልፍ ስከለክለው ቁጥሩ ከ60 አላለፈም፤ ላፕቶፑ ግን እንደ ምጣድ ጋለ።

ጠዋት 2 ሰዓት እመጣለሁ ያለኝ ጓደኛዬ 4 ሰዓት ተኩል ደረሰ። አሰላሁት፤ 9 ቢሊዮን ማይክሮሰከንድ።